የሰው ገንዘብ ለያዘው ልጄ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤

ለጤናህ እንዴት ነህ? ምራቴስ፣ ትንሹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከሙቀቱ በቀር ደህና ነን። ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር፤ ግማሹ ቁጥር ስለሆነ ተውኩት። ቁጥር በአንድ ጆሮ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ወረቀት ላይ ከሆነ ግን ሲጨንቅህ አውጥተህ ታየዋለህ።

ገንዘብ ያዥ ሆነህ ሐረር ሸዋ በር ካለው ማከፋፈያ ተቀምጠሃል፤ እሰየው። እስካሁን ያገኘህ ሰው ሁሉ "ታማኝ ሁን" ሳይልህ አልቀረም። እኔ አልልህም። ታማኝ መሆንህን አውቃለሁ፣ ብቻውን እንደማይበቃም አውቃለሁ። በዚህ ሥራ "ጉድለት ወጣበት" ከሚባሉት ሰዎች አብዛኞቹ ሌባ ሆነው አልገቡም። "እስከ ማታ ነው" ብለው 200 ብር ያነሱ፣ የአለቃን ዘመድ እምቢ ለማለት ይሉኝታ የያዛቸው፣ በወሩ ሦስተኛ ሳምንት ኪሳቸው የነጠፈ ናቸው። ስለዚህ ልብህን ትቼ ስለ መሳቢያህ፣ ስለ ደመወዝህ፣ ስለ እንቅልፍህና ስለ ልጅህ ልጻፍልህ። እነዚህ ቦታ ቦታቸውን ከያዙ ታማኝነት ያን ያህል ትግል አይጠይቅም።

ከመሳቢያው ልጀምር።

ጠዋት ርክክብ ሲሆን የሚያስረክብህ ሰው ፊትህ ቆሞ ሳለ ቁጠር። "ቆጥሬዋለሁ፣ ልክ ነው" ቢልህም፣ በዕድሜ ቢበልጥህም ቁጠር። እሱ ከሄደ በኋላ የተገኘ ጉድለት ያንተ ነው። አንድ እስር 100 ኖት ነው፤ ባለ 200ው 20,000፣ ባለ 100ው 10,000፣ ባለ 50ው 5,000፣ ባለ 10ሩ 1,000 ብር ይሆናል። ከባንክ የመጣ እስር ሲሆን ቆጥረህ ልክ መሆኑን ሳታረጋግጥ የታሰረበትን ወረቀት አትጣል። የቆጣሪው ማኅተምና ፊርማ ያለው እሱ ላይ ስለሆነ፣ ቢጎድል መከራከሪያህ ያው ወረቀት ነው። አንዴ ከቆጠርክ በኋላ ገልብጠህ ከሌላው ጫፍ ድገመው። አዲስ ኖት ይጣበቃል፤ ሁለቱ እንደ አንድ ተቆጥረው ለደንበኛ ትርፍ ታወጣለህ። ያረጀ ባለ 10 ደግሞ በግማሽ ታጥፎ እስሩ ውስጥ ይገባና አንዱ ሁለት ሆኖ ይቆጠራል። ለአዲሱ ጥጉን አጠፍ አጠፍ አድርገህ አየር አስገባበት፤ አሮጌውን ዘርግተህ ፊቱን ወደ አንድ ወገን አዙረህ ደርድር። ጊዜ ይፈጃል። ይፍጅ።

ድምሩን ብቻ አትጻፍ። "200 × 37 = 7,400፤ 100 × 52 = 5,200" እያልክ በየዓይነቱ ጻፍ። ድምር ብቻ የጻፈ ሰው ማታ ልዩነት ሲመጣበት ከየት ጀምሮ እንደሚፈልግ አያውቅም።

የራስህ ገንዘብ ከመሳቢያው አጠገብ አይድረስ። የምሳህ ብር እንኳ ቦርሳህ ውስጥ ተዘግቶ ከክፍሉ ውጭ ይቀመጥ። ዝርዝር ያጣህ ቀን ከኪስህ መንዝረህ ለደንበኛ ከሰጠህ ሁለቱ ገንዘብ ተቀላቀለ፤ ማታ 100 ብር ቢጎድል ከየትኛው እንደጎደለ ምለህ መናገር አትችልም። ቀጥሎ የሚመጣው "እስከ ማታ" ነው። የሥራ ባልደረባህ ልጁ ታሞበት 300 ብር ቢጠይቅህና ኪስህ ባዶ ቢሆን፣ ከመሳቢያው አይወጣም። ወረቀት ጽፎ ቢፈርምልህም ያው ነው፤ ድንገት ለቆጠራ የመጣ ኦዲተር ወረቀቱን እንደ ብር አይቆጥርልህም፣ ጉድለት ብሎ ነው የሚጽፈው። እምቢ ስትል ደግሞ ምክንያት አትደርድር። ምክንያት የበዛበት እምቢታ ድርድር ይከፍታል። "መሳቢያው የኔ አይደለም፤ የራሴ ይህች 50 ብር ናት፣ ያዝ" በለውና ዝም በል። ያኮርፍ ይሆናል። ከሁለት ቀን በላይ የሚያኮርፍ ከሆነ መጀመሪያም ለልጁ አልነበረም።

በቴሌብርና በባንክ የሚከፈለው ሌላ ጣጣ አለው። ደንበኛ ስልኩን አዙሮ የሚያሳይህ ማረጋገጫ ክፍያ አይደለም። ፎቶው ይቀናበራል፣ መልእክቱም ከሌላ ስልክ ተጽፎ ይላካል፣ ወይም የትናንቱን ዛሬ ያሳዩሃል። ገንዘቡ ድርጅቱ ሂሳብ ውስጥ መግባቱን በግብይት ቁጥሩ አመሳክረህ ሳታይ ዕቃ አይወጣም። ኔትወርክ ከጠፋ ይጠብቃል። "ታውቀኛለህ እኮ!" ቢልህ፣ "እኔማ አውቅሃለሁ፣ ሂሳቡ ነው ገና ያላወቀህ" በለው። አቦ፣ ሐረር ላይ በሳቅ የተባለ እምቢታ ብዙ ያሻግራል።

መልስ በምትሰጥበት ሰዓት ከሚያጣድፍህ ሰው ተጠንቀቅ። ባለ 200 ሰጥቶህ የ60 ብር ዕቃ ይገዛል። 140 ቆጥረህ ልትሰጠው ስትል "ቆይ፣ 10 ብር አለኝ፣ 150 አድርግልኝ" ይልሃል። እስከዚህ ሒሳቡ ልክ ነው። 150ውን ከያዘ በኋላ ግን "ይቅር፣ ባለ 200ውን መልስልኝና በዝርዝር ልክፈልህ" ይልና እጅህን ያምታታዋል። መድኃኒቱ አንድ ነው፦ አንዱን ሳትጨርስ ሌላውን አትጀምር። የሰጠህን ኖት ወዲያው መሳቢያ ውስጥ አትክተት፤ መልሱን ቆጥሮ ተቀብሎ እስኪሄድ ዓይናችሁ ፊት ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ። ሐሳቡን ከቀየረ ሁሉንም ይመልስልህና ከዜሮ ጀምሩ።

ማታ ከሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑ የቀኑን መዝጊያ፣ ዜድ ሪፖርቱን፣ ካወጣህ በኋላ ጠዋት የተረከብከው ሲቀነስ በእጅህ የቀረው ጥሬ ብር፣ በቴሌብር የገባው፣ በባንክ የገባውና በተፈቀደ ዱቤ የወጣው ተደምሮ ከሪፖርቱ ጋር መግጠም አለበት። ደረሰኝ በእጅ የተቆረጠ እንደሆነ ከስንት ቁጥር እስከ ስንት ቁጥር እንደሄደ ጻፍ። የተበላሸ ደረሰኝ አይቀደድም፤ ዋናውም ቅጂዎቹም በአንድ ላይ ይሰፉና "ተሰርዟል" ይባልባቸዋል። አንዱ ቅጂ የጠፋ እንደሆነ ተቆጣጣሪው የሚያየው ተሸጦ ገንዘቡ የተሰወረ ዕቃ ነው፤ አይፈረድበትም።

አልገጥም ካለ አትደንግጥ፣ ከኪስህም አትሙላ። መጀመሪያ ልዩነቱን ተመልከተው። ለ9 ሲካፈል ቀሪ የማይኖረው ከሆነ ብዙ ጊዜ ሁለት አሃዝ ቦታ ተለዋውጧል፤ 1,720 መሆን ያለበት 1,270 ተብሎ ከተጻፈ ልዩነቱ 450 ነው፣ ለ9 ሲካፈል 50። ልዩነቱ ተጋማሽ ቁጥር ከሆነ ግማሹን ፈልግ፤ የ300 ብር ወጪ ገቢ ላይ ተጽፎ ከሆነ ልዩነቱ 600 ሆኖ ይመጣል። ልክ 100 ወይም ልክ 200 ከሆነ የተጣበቀ ኖት ሳይሆን አይቀርም። እነዚህን ሁሉ አይተህ ካጣኸው በዚያው ዕለት በጽሑፍ አስታውቅ። በሁለት ቅጂ ይሁን፤ አንዱ ላይ ተቀባዩ ፈርሞና ቀን ጽፎ ላንተ ይመልስልህ። በዕለቱ የተነገረ ጉድለት ስሕተት ነው። ከወር በኋላ በቆጠራ የተገኘ ጉድለት ግን ስሙ ሌላ ነው፣ መጠኑ አንድ ዓይነት ቢሆንም።

ስለ ብልጫ ጠበቅ አድርጌ ልንገርህ፤ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። 80 ብር በልጦ ሲገኝ "ነገ ቢጎድል እሞላበታለሁ" ብለው በፖስታ የሚያስቀምጡ አሉ። ጥንቃቄ ይመስላል። ያ 80 ብር ግን ነገ ተመልሶ የሚመጣ ደንበኛ መልስ ሊሆን ይችላል። ደግሞም ፖስታው ካለ ስሕተትህን መፈለግ ትተዋለህ፤ ጎደለ ከፖስታው፣ በለጠ ወደ ፖስታው። ከሁሉ የከፋው ግን ውስጡ ስንት እንዳለ ካንተ በቀር የሚያውቅ ሰው የሌለ መሆኑ ነው። ማንም የማያውቀው ገንዘብ ወር ሳይሞላው የሻይ ብር ይሆናል። ብልጫም እንደ ጉድለት ይመዝገብ።

ጉድለቱን ክፈል ቢሉህ ሕጉን እወቅ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከደመወዝ የሚቆረጠው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ብቻ ነው፤ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠውም ከወር ደመወዝህ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም። ስለዚህ ቁጥሩ ያልተሞላበት ወረቀት ላይ አትፈርም። የተሞላውንም ራስህ ሳትደምር አትፈርም፣ ከፈረምክም ቅጂ ውሰድ። የሙከራ ጊዜ በሕጉ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ ሰው ሁሉን ለማስደሰት ሲል ያልሆነ ነገር ላይ የሚፈርመው አብዛኛውን ጊዜ በነዚህ ቀኖች ነው።

አንድ ቀን ደግሞ ከበላይህ "ይችን ያለ ደረሰኝ አውጣት" የሚል ትእዛዝ ይመጣል። 15 በመቶው ቫት ያንተም የሱም አይደለም፤ ይህን እሱም ያውቀዋል፣ ትምህርት አትስጠው። በአክብሮት "እሺ ጋሼ፣ በወረቀት ላይ ይጻፉልኝና ላውጣው" በል። ብዙው እዚያው ይቀራል፣ የሚጽፍ የለምና። ካልቀረና በተደጋጋሚ ከመጣ ግን ሌላ ሥራ ማፈላለግ ያለብህ ያኔ ነው፣ ነገሩ ሲፈነዳ አይደለም፤ ሲፈነዳ ፊርማው ያለበት ወረቀት ያንተ ነውና። "እንጀራ ነው፣ ምን ላድርግ" እንደሚባል አውቃለሁ፤ እውነትም ነው። እምቢ ለማለት ቤት ውስጥ የሦስት ወር ቀለብ ያስፈልጋል። ለዚህ ነው ቀጥዬ ስለ ደመወዝህ የምነግርህ።

ጡረታው 7 በመቶና ግብሩ ተቆርጦ፣ ለምሳሌ 9,000 ብር እጅህ ገባ እንበል። በተቀበልክበት ማታ፣ ሳታሳድረው፣ ከምራቴ ጋር ቁጭ በሉ። 3,000 ለኪራይ፣ 500 ለመብራት፣ ለውሃና ለስልክ፣ 700 ለዕቁብ፣ 100 ለዕድር፣ 500 ደግሞ ላልታሰበ ነገር ይነሳ። ቀሪው 4,200 ነው። ይህን በአራት ፖስታ 1,000 1,000 አድርጋችሁ ክፈሉት፤ ወራችን አራት ሳምንት ከሁለት ቀን ስለሆነ ለሁለቱ ቀን 200 ትቀራለች። በፖስታው ላይ ቀኑን ጻፉበት፤ የሦስተኛው ሳምንት ፖስታ ሦስተኛው ሳምንት ሳይገባ ከተከፈተ ለምን እንደተከፈተ ከጀርባው ይጻፍ። ሦስት ወር እንዲህ ከጻፋችሁ ገንዘቡ የሚፈስበት ቀዳዳ ራሱ ይታያችኋል። አብዛኛውን ጊዜ ምግቡ ላይ አይደለም። ለቅሶ፣ ሠርግ፣ ጥየቃና "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ነው፣ ሁሉም የማይቀር፣ ሁሉም ሳይታቀድ የሚመጣ። 500ዋ የተቀመጠችው ለዚህ ነው፤ ያልተነካች ወር ካለች ወደ ሦስት ወሩ ቀለብ ትዛወር።

ጳጉሜን ደመወዝ እንደሌላት አትርሳ። አምስት ወይም ስድስት ቀን ይበላል፣ በዓሉ ይከተላል፣ ከዚያ የትምህርት ቤት ምዝገባና ደብተር። ከግንቦት ጀምረህ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ካላነሳህ መስከረም ላይ ዓይንህ ካዝናው ላይ ያርፋል። የቁልቢ ስለትም እንዲሁ ነው፤ ታኅሣሥ 19 ሲደርስ ተበድሮ ስለት የሚያስገባ ሰው አይገባኝም። ገብርኤል ቀጠሮ ያራዝማል፣ አበዳሪ ነው የማያራዝመው።

ዕቁቡን በተመለከተ፦ አሥር ሰው 700 700 ቢጥል ዕጣው 7,000 ነው። መጀመሪያ የደረሰው ብድር ወስዷል፣ መጨረሻ የደረሰው ቆጥቧል፤ አንተ የቱን እንደምትፈልግ ሳታውቅ አትግባ። ዳኛው ማነው? ጸሐፊው ማነው? ዕጣ የደረሰው ሰው ዋስ ሳያቀርብ ገንዘቡን ይወስዳል ወይ? ወስዶ መጣል ቢያቆም ማን ይከፍላል? ይህን ጠይቅ። ሁለት ዕቁብ በአንድ ጊዜ አትያዝ። የመሥሪያ ቤታችሁ ዕቁብ ሰብሳቢ ደግሞ ከቶ አትሁን፤ "ብር መቁጠር የለመደ አንተ ነህ" ብለው ያባብሉሃል። የዕቁብ ብር መሳቢያህ አጠገብ ከደረሰ የጻፍኩልህ ሁሉ ፈረሰ። ለሌላ ሰው ብድር ዋስ ሆነህ መፈረምም እንዲሁ፤ ተበዳሪው ከቀረ የሚከፈለው ካንተ ደመወዝ ነው። የምትወደው ሰው ከሆነ ብትቀርም የማትጎዳህን ያህል ስጠው፣ አትፈርምለት።

በርጫን፣ ተሰብስቦ ጫት መቃሙን፣ አልከለክልህም፤ ሐረር ተቀምጠህ ከጓደኞችህ ተለይተህ ኑር ማለት ከንቱ ነው። ሒሳቡን ግን ልሥራልህ። በቀን 100 ብር በወሩ 26 የሥራ ቀን 2,600 ይሆናል፤ ከሁለት ሳምንት ተኩል ፖስታ ይበልጣል፣ ለስላሳውና ምርቃናውን ለመስበር የሚጠጣው ጨብሲ ሳይጨመር። ከሰዓት በኋላ የተቃመ እንቅልፍ ያሳጣል። በነጋታው ሐራራ ይዞህ፣ ዱካክ ሲያስጨንቅህ አድሮ ቆጠራ ስትጀምር እጅህ ይፈጥናል፣ ትዕግሥትህ ያጥራል፤ የተጣበቀው ኖት የሚያመልጥህ ያን ቀን ነው። ስለዚህ በማግሥቱ ሥራ የሌለበትን ቀን ምረጥ። በምርቃና ሰዓት ደግሞ አታበድር፣ ዕቁብ አትግባ፣ ሽርክና አትስማማ። ያኔ ሁሉም ነገር ይቻላል፣ ሁሉም ሰው ወንድም ነው። "ነገ ጠዋት ደውልልኝ" በል፤ ጠዋት የማይደውል ብዙ ነው።

አሁን ወደ ትንሹ። ልጅ ውሸት የሚለምደው ከሰፈር ልጆች ነው ይባላል። እኔ ከሳሎን ነው እላለሁ። በር ሲንኳኳ "አባዬ የለም በላቸው" ተብሎ የተላከ ልጅ አንድ ነገር ተምሮ ነው የሚመለሰው። ሶፋው ላይ ተጋድሞ በስልክ "ደንገጎ ደርሻለሁ፣ መጣሁ" የሚል አባት ያለው ልጅም እንዲሁ። በር ላይ የማትፈልገው ሰው ከመጣ ራስህ ውጣና "ዛሬ አልችልም" በለው፤ ልጁ አጠገብህ ቆሞ ይስማ።

ብርጭቆ ተሰብሮ ካገኘህና ማን እንደሰበረው ካወቅህ "ማነው የሰበረው?" አትበል። መልሱን እያወቅህ መጠየቅ ልጁን ለውሸት መጥራት ነው፤ በትንሽነት ዕድሜ ደግሞ የተመኘውንና የሆነውን ገና በደንብ አይለይም፣ "እኔ አይደለሁም" የሚለው ባልሆነ ኖሮ ማለቱ ነው። "ብርጭቆው ተሰብሯል፤ ነጠላ ጫማህን አድርግ፣ መጥረጊያውን አምጣልኝ" በል። ትልልቁን ስብርባሪ አንተ አንሳ፣ እሱ ማፈሻውን ይያዝ። ከዚያ እየጠረጋችሁ እንዴት እንደሆነ ጠይቀው። ይነግርሃል። ሲነግርህ ፊትህ አይለወጥ፤ እሱ የሚያነበው ቃልህን አይደለም፣ ግንባርህን ነው።

ሱቅ መላክ ስትጀምር፣ አንተ በር ላይ ቆመህ ከምታየው ጎረቤት ሱቅ እንጂ መንገድ ከሚያሻግር አይሁን። 50 ብር ስጠው። "ዕቃው 35 ብር ነው፣ 15 ይመልሱልሃል፤ አንድ ባለ 10ና አንድ ባለ 5" ብለህ ንገረው፣ ኖቶቹንም አሳየው። እዚያው ሱቁ ደጃፍ ይቁጠር፣ አንተ ፊት ደግሞ ይድገም። 10 ብር ብቻ ይዞ ከመጣ "የት አደረስካት?" የሚለው ጥያቄ ይቅር። መንገዱን አብራችሁ ተመለሱበት፦ ባለሱቁ ስንት ሰጠህ? በየትኛው እጅህ ያዝከው? የት ቆምክ? ለኦዲተር እንደምትመልሰው ነው፣ ቅደም ተከተሉን ብቻ። ወድቆበት ከሆነ አብራችሁ ሂዱና ፈልጉ። ከረሜላ ገዝቶበት ከነገረህ 5 ብሯ ከራሱ ሳንቲም ትተካ፣ በቀጣዩ ቀን ደግሞ እንደገና ይላክ። ዳግመኛ መላኩ ነው ዋናው፤ መላክ ያቆምክበት ልጅ ሌባ ተብሎ እንደተፈረደበት ይገባዋል። አትግረፈው። የተገረፈ ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ የሚያሻሽለው ወሬውን ነው፣ መልሱን አይደለም።

መልሷን "ለራስህ ያዛት" እያልክ አትሸልመው፤ አንዴ ከለመደ መልስ ሁሉ የሱ ይመስለዋል። ይልቅ ቅዳሜ ቅዳሜ የራሱ የሆነች ትንሽ ብር ስጠው፣ ያጥፋትም ያጠራቅማትም አትጠይቀው። የማትፈጽመውን ነገር ቃል አትግባለት። "እሑድ ድሬ እንሄዳለን" ብለህ ካልተሳካ ቅዳሜ ማታ ንገረው እንጂ እሑድ ረፋዱ ላይ ጫማውን አድርጎ ሲጠብቅ አይስማው።

ከሥራ ስትመለስ ወዲያው ከልጅ ጋር አትነጋገር። እጅና እግርህን ታጠብ፣ ውሃ ጠጣ፣ አሥር ደቂቃ ተቀመጥ። በልጅ ላይ የሚወርደው ቁጣ አብዛኛው ቀን ላይ ለደንበኛ ያልተባለው ነው። ወንዶች ችግር ሲገጥማችሁ "ሆድ ይፍጀው" ትላላችሁ፤ ሆድ አይፈጀውም፣ ሚስት ናት ፊታችሁን እያየች የምትፈጀው። "ተይኝ፣ ደክሞኛል" ከማለት "ዛሬ 400 ብር ጎደለብኝ፣ አስታውቄያለሁ፣ ነገ ይመረመራል" ማለት ይሻላል። ቁጥር የሰማች ሴት ፖስታዎቹን ታስተካክላለች፤ ኩርፊያ ያየች ግን ሌላ ሴት ይዟል ብላ ትጠረጥራለች።

እንቅልፍ ማጣቱ፣ ምግብ መዝጋቱ፣ ነገር ሁሉ አልጨበጥ ማለቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ሥራ በዛብኝ ብለህ አትለፈው። ሕይወት ፋና ሆስፒታል ሂድ፤ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ የሚሄደው ያበደ ሰው ብቻ አይደለም። ጸበሉም ይሁን ሐኪሙም፣ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ራስህን ስለማጥፋት ካሰብክ ደግሞ ሁለት ሳምንት የሚባል ነገር የለም፤ በዚያው ሰዓት ለምራቴ ንገራትና ሂዱ፣ ለእኔም ደውል፣ ሌሊትም ቢሆን።

ለምራቴ የላክሁት በርበሬ ከሚኒባሱ ሹፌር ጋር ነው፤ ሂሳቡን ከዚህ ከፍያለሁ፣ እንዳትደግሙ። ከበርበሬው ጋር ያለው ባለ መስመር ደብተር ያንተ ነው፣ የመጀመሪያውን ገጽ ለየኖቱ ዓይነት አስምሬበታለሁ። ቅዳሜ ስትመጡ የዕቁቡን ውል ይዘህልኝ ና፤ ያልፈረምክበትን ነው የምልህ።

እናትህ